በቁጥር ስላልጎደሉት ስድስት ኮምፒውተሮች

ለተከበሩ አቶ ጸጋዬ
የመረጃ መሣሪያዎች ደረጃ ማስጠበቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጂንካ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። ቢሮዎ በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ ወገብዎን እንደሚያምዎ ሰምቼ ነበርና፣ የሚሽከረከረው አዲሱ ወንበርዎ እንዲስማማዎ፣ የጄኔሬተርዎም ናፍጣ እንዳይጎድል ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ሲነጋ እነሳለሁ ማለቴ ነው። ከዚህ ያለፈ ስሜት በውስጤ ብፈልግ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የቁጣ ደብዳቤ መስሎ የሚነበብዎ ከሆነ ጥፋቱ የወረቀቱ እንጂ የእኔ አይደለም።

አብኔር ደምሰው እባላለሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር ሲጣል አይቼ ማለፍ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ፅጌረዳ «ሰው ውሻ ያሳድጋል፣ አንተ ሞኒተር ታሳድጋለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ሞኒተር ግን አይጮህም፣ ጎረቤትም አይነክስም።

ክቡርነትዎ የመሣሪያ ደረጃ አስጠባቂ እንደ መሆንዎ አስተያየቴን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። በእኔ እምነት ኮምፒውተር ቶሎ አያረጅም፤ ከአቅሙ በላይ እየተጫነበት ነው አረጀ የሚባለው። የቱርሚን መንገድ የለመደ ሾፌር አሮጌ መኪናው ላይ ምን ያህል ጆንያ እንደሚጭን ያውቃል፤ እኛ ግን የደከመ ማሽን ላይ የመጨረሻውን፣ የከበደውንና በየጊዜው «አድሰኝ» የሚለውን ነገር ሁሉ እንጭንበትና ሲቆም እንሰድበዋለን። ስለ ስልክም ሃይማኖቴ ይኸው ነው። ጀርባው ላይ አራት ዓይን የደረደረ ስልክ የያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ ባትሪው አልቆበት፣ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ የሚጠይቀው ባለ ቁልፍ ስልክ በአንገቱ ያንጠለጠለውን የሐመር ከብት ነጋዴ ነው። ይህን ስናገር አንዳንድ ወዳጆቼ ኋላ ቀር ይሉኛል። እኔም ቅር አይለኝም፤ ኋላ የቀረው ሰው መንገዱ ላይ የወደቀውን ሁሉ ያያልና።

በሰፈራችን ማንበቢያ ቤት የነበሩት ስድስት ኮምፒውተሮች ቱርሚ ላይ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ድርጅት የተረፉ ናቸው። ከፍየል ቆዳ ጋር በአንድ አይሱዙ ተጭነው ነው የመጡት፤ አንደኛውን ስፈታው ተርብ ቤት ሠርቶበት አገኘሁ። ስናበራቸው ወጥተን ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ገና ሲነሡ ነበር። ስለዚህ ሊነክስ ጫንኩባቸው። ሊነክስ እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሥርዓት ነው፤ በነፃ ይገኛል፤ ለደካማ ማሽን የተዘጋጁ ቀላል ዓይነቶችም አሉት። አንዱን ቀላል ዓይነት መርጬ ስጭንባቸው ስድስቱም ነፍስ ዘሩ። ተማሪዎች መጻፍ ለመዱ፤ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ደግሞ የመዝሙር ግጥሞቿን ሁሉ ተይባ ጨረሰች። መስኮቱና ቁልፎቹ ከዊንዶውስ ትንሽ ይለያሉ፤ ይህን ልዩነት ግን ከክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት በፊት ቅሬታ ያቀረበበት ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ሥራችንን ሳንጠይቅዎ ስላስታወሱን አመሰግናለሁ። የትኛው ሥራ እንደ ሆነ ምናልባት አልተነገረዎትም ይሆናል። የማንበቢያ ቤቱን ቁልፍ የምትይዘው የአብሥራ ቦሼ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። አባቷ አባባ ቦሼ በአሪ ቋንቋ ተረት በማውጋት የሚታወቁ ሽማግሌ ነበሩ፤ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው አጠገባቸው ለመቀመጥ ይሻማ ነበር። ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሙም ለየአብሥራ ድምፃቸው ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ፣ ከዚያ በኋላም ብዙ እንደማይቆዩ ነገራት። ያኔ ወደ እኔ መጥታ «እነዚህ ማሽኖችህ ድምፅ ይይዛሉ?» አለችኝ። ይይዛሉ አልኳት።

አባባ ቦሼ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ማይክራፎኑን አገላብጠው አዩትና ጠየቁኝ።

«ይሄ የምለውን ይሰማል?»

«ይሰማል አባባ።»

«መሐል ገብቶ ያቋርጠኛል?»

«ኧረ አያቋርጥም።»

«እንግዲያው ከሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ይሻላል» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ።

ድምፃቸው እስከ ቻለ ድረስ እየተመላለሱ አወጉ። ተረቱን፣ የአያቶቻቸውን ስም ከነትውልዱ፣ የማር ቀፎ ሲሰቀል የሚባለውን፣ የአብሥራ የተወለደች ጊዜ ለእሷ ያወጡትን ዜማ ሁሉ አወጉ። በኋላ ድምፃቸው ቀጥኖ ሹክሹክታ ሆነ፤ እሱንም ቀረጽን። ክረምቱ ሲወጣ አረፉ። የአብሥራ በዚያው ሰሞን ለወለደቻት ልጇ ለኢየሩሳሌም «አያትሽን ባታዪውም ትሰሚዋለሽ» ትላት ነበር።

ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ አስቀምጠነው እንደ ነበር ሲያውቁ ይደሰታሉ። አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል ብለን ነው። ሁለቱም በመመሪያ በአንድ ቀን ይሞታሉ ብሎ ማሰብ ከፊዚክስ መምህር አቅም በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለተኛ፣ የላኳቸው ባለሙያ እጅግ ጨዋ ሰው ስለነበሩ አመሰግናለሁ። ስማቸው ባሮክ ነው። በመጡበት ሳምንት እኔ ለፈተና ቁጥጥር ዱስ መንደር ወርጄ ስለነበር፣ እዚያም ስልክ ስለማይሠራ፣ የሆነውን የነገረችኝ የአብሥራ ናት። አቶ ባሮክ አንዱን ኮምፒውተር አብርተው ካዩት በኋላ፣

«እህቴ፣ ይሄ ማሽን ስታርት የሚባለው ቁልፍ የለውም» አሏት።

«አለው እኮ፤ እዚህ ጋ ነው» ብላ አሳየቻቸው።

«ቅርጹ የመመሪያው አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ተብሏል።»

«እሺ፣ ይሁን። ግን የአባቴ ድምፅ እዚህ ውስጥ አለ። አብኔር እስኪመጣ አንዱን ብቻ ተዉልኝ።»

እሳቸውም ልባቸው ራርቶ ለክቡርነትዎ ደወሉ። እርስዎ ምን እንዳሉ ከስልኩ ውጭ ተሰምቷታል፦ «ስድስቱም ተብሏል፣ ስድስቱም ይሁን።» አቶ ባሮክ ስልኩን ዘግተው «ይቅርታ እህቴ» አሉና ሥራቸውን ጀመሩ። በስድስቱም ውስጥ የነበረውን ሁሉ አጥፍተው ዊንዶውስ በአዲስ ጫኑ። የአብሥራ እስኪጨርሱ ድረስ ቆማ አይታለች። ለምን አልጮኽሽም ብዬ ስጠይቃት «ሰውየው ይቅርታ ብሎኛል፤ በማን ላይ ልጩኽ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ምናልባት ክቡርነትዎ ይመልሱት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ ስመጣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ እንዲህ በአጭሩ የተማርኩት ትምህርት የለም። የጠፋውን ነገር ከተረኩልዎ በኋላ ብዕርዎን አስቀምጠው፣

«መምህር፣ የጠፋው ንብረት ነው ወይስ ፋይል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ፋይል ነው» አልኩ።

«ኮምፒውተሮቹ ስንት ነበሩ?»

«ስድስት።»

«አሁን ስንት ናቸው?»

«ስድስት።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?» አሉኝ። በእርጋታ ነበር የጠየቁኝ፤ ለማሾፍ እንዳልሆነም ከፊትዎ አይቻለሁ። እኔም ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ልናደድ ብዬ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የባቄላ ሳንቡሳ ገዝቼ እየበላሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንዲህ ዓይነት መደንዘዝ ጥርስ ሲነቀል በመርፌ ይሰጣል፤ የእርስዎ ቢሮ ያለ መርፌ ስለሰጠኝ ይህን በአራተኛ ምስጋናነት ይያዙልኝ።

በዚያ ሰሞን ከሃርድ ዲስኮቹ የሚተርፍ ነገር ካለ ብዬ ፈልጌያለሁ። የጠፋ ፋይል ወዲያው አይሞትም፤ ላዩ ላይ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። የእርስዎ ባለሙያ ግን ትጉህ ስለነበሩ ላዩ ላይ በሚገባ ተጽፎበታል። የፋይሎቹ ስም ተገኘ፤ ውስጣቸው ግን ጫጫታ ነበር፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚመስል። ከሁሉም አንድ ቁራጭ ብቻ ጠራ። አባባ ቦሼ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ያስላሉ፣ ከዚያ በአሪኛ «ውሃ ስጡኝ» ይላሉ። አለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጽናቸው ዕለት ተረቱን ከመጀመራቸው በፊት ያሉት ነው።

የአብሥራን ጠርቼ ጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋት። ሰማችው። ድገምልኝ አላለችም። ማዳመጫውን አውልቃ ገመዱን ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ውሃውን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ» አለች። ከዚያ የክፍል ሰዓቷ ደርሶ ስለነበር ሄደች። እንባ እጠብቅ ነበር፤ ከእሷም ከእኔም አልመጣም። ፅጌረዳ ማታ ስነግራት ግን ለሦስታችንም አለቀሰች።

አምስተኛ፣ ስለ አሁኑ ሁኔታ አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ የላኩት ሌላ ቡድን በስድስቱም ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፎ ስለሄደ እኔ ከጥገና ድካም ዐርፌያለሁ። ኮምፒውተሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስታርት አላቸው፤ ሁሉም ሲነሡ አንድ ዓይነት ይቆያሉ፤ ሁሉም ስክሪናቸው ጥግ ላይ ፈቃድ የሌለው ቅጂ እንደ ተጫነባቸው የሚገልጽ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለባቸው። ተማሪዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው መምጣት ትተዋል፤ ጡረተኛዋ ነርስም መዝሙሮቿን የሚያስመልስላት እንደሌለ ሲነገራት «እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» ብላ ሄዳለች። ቤቱ ንጹሕና ጸጥ ያለ ሆኗል። በዓመቱ ግምገማም ሞዴል ማንበቢያ ቤት ተብለን የምስክር ወረቀት ስለሰጡን፣ የሚያነበው ሰው ባይኖርም በሩ ላይ ሰቅለነዋል።

የአብሥራ አሁን ቅዳሜ ከገበያ መልስ ልጇን አዝላ እኛ ቤት ትመጣለች። እኔ ዘንድ ከቆሻሻ ያነሣሁት፣ ሁለት ቁልፍ የጎደለውና መክደኛው በፕላስተር የተያዘ ላፕቶፕ አለ፤ የጫንኩበትም ሊነክስ ከሁሉም የቀለለው ነው። ፊቱ ተቀምጣ የአባቷን ተረት ራሷ ታወራለች። የምታስታውሰውን በአባቷ አነጋገር ትለዋለች፤ የማታስታውሰው ቦታ ስትደርስ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ደግሞ ከምታውቀው ትቀጥላለች። የመጀመሪያውን ቀረጻ ሳስተካክል ዝምታዎቹን ልቆርጣቸው ነበር። እጄን ያዘችኝ።

«አትቁረጠው» አለች። «አባቴ ያለው እዚያ ጋ ነው።»

ስለዚህ አልቆርጥም። ኢየሩሳሌም አድጋ ስትሰማው አያቷን በእናቷ ድምፅና በእነዚያ ዝምታዎች መካከል ትፈልገዋለች። ክቡርነትዎ በቁጥር ያልጎደለ ነገር እንዳልጎደለ ስላስረዱኝ፣ ዝምታዎቹን እስካሁን አልቆጠርኳቸውም።

የጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ከፍ እንዲል፣ ከፍ ብሎም እኛ ከማንደርስበት እንዲቀመጥ እየተመኘሁ፣ ለሰጡን ጊዜ፣ ላልሰጡንም ጊዜ፣ ከጫማዬ አቧራውን አራግፌ ወለልዎን ሳላቆሽሽ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ትሑት ተገልጋይ
አብኔር ደምሰው
ጂንካ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ፖስታ ውስጥ ስከት ከቢሮዎ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ። በመጪው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በእርስዎ ድንኳን ለእንግዶች የሚሰማ በመሆኑ፣ «የሟቹን የአቶ ቦሼን የአሪ ቋንቋ ተረቶች ሙሉ ቀረጻ» በፍላሽ አድርገን በአስቸኳይ እንድንልክ ታዘናል። ትእዛዝ ማክበር ልማዴ ነውና ፍላሹን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቢከፍቱት ባዶ ነው፤ ባለሙያዎ ያስረከቡንን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የላክሁት። ለእንግዶችዎ ድምፁን ከፍ አድርገው ያሰሙልኝ።