የአቶ ላዮሽ ደረጃ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅጌ ማርያም፤ ቡዳፔስት

እንደምን ሰነበትሽ እንዳልል፣ እንዴት እንደ ሰነበትሽ አሁን ገብቶኛል። ሐዘንሽን የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። የአቶ ላዮሽን ነፍስ ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ስንተኛ ነኝ?» እያለ ይጠይቀኛል ያልሽኝን አልረሳሁም። ኳስ ካቆመ አርባ ዓመት ያለፈው ተከላካይ፣ የኳስ ተጫዋቾችን ስም በደረጃ በሚያወጣው በዚያ የኢንተርኔት ገጽ ላይ በተወዳጅነት ስንተኛ እንደሆነ ሳይሰማ ቁርስ አይቀምስም አልሽኝ። ስሙን ብዙ ሰው ከከፈተው ደረጃው ከፍ ይላል ስትዪኝ፣ ጀልባ ለሚነዳው ለወንድሜ ልጅ ለቢያዝን ነገርሁት። እሱ ደግሞ ወደ ጎርጎራ ለሚሻገረው ተሳፋሪ ሁሉ። የማኅበራችን ሰዎች ሳይቀሩ የማያውቁትን ሰው ስም በስልካቸው ይከፍቱለት ነበር። ከ640ኛ 611ኛ ስናደርሰው ዳገት የወጣን ያህል ደከመን።

በጥቅምት መድኃኔ ዓለም፣ ጠበል ጠዲቅ ላይ ሳለን ቢያዝን እየሮጠ መጣ። «አጎቴ፣ ሦስተኛ ሆነ!» ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታውን ቀድቶ እንዲልክልሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ። «እንኳን ደስ ያለህ በይልን» ያልሁትም እኔው ነኝ። መልስ ስታጠፊ ኮራች ብዬ ተቀየምሁ።

በሳምንቱ ቢያዝን ገጹን ደግሞ ሲያየው፣ ከልደቱ ዓመት አጠገብ የሞቱ ዓመት ተጽፎ አገኘ። ለካ ያ ሁሉ ሰው ስሙን የከፈተው መሞቱን ሰምቶ ኖሯል። ገና ሳይቀበር የአባትሽን እልልታ ሰማሽ። ለለቅሶ እልልታ የላከ መሪጌታ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። ሽማግሌ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ ስትዪኝ «አዋረድሽኝ» አልሁሽ። ለሰውም «ልጄ ቢሮ ትሠራለች» እያልሁ አራት ዓመት ዋሸሁ። አቶ ላዮሽንም «አለቃዋ ነው» ብዬ ነበር ያስተዋወቅሁት።

መርዶውን እንደ ሰማሁ ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፌ ለቅሶ ተቀመጥሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ምላሳቸውን ታውቂው የለ፣ ገና ሳይቀመጡ «መሪጌታ፣ ለመሆኑ ሟቹ ምንዎ ነው?» አሉኝ።

«ልጄ የምታጥበው፣ የምታጎርሰው ሽማግሌ ነበር» አልሁ። «ቢሮ የሚባል የለም። ዋሽቻችሁ ነው።»

እኔ ስድብ ስጠብቅ፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ታዲያ ያችን ልጅ ማን አስተዛዘናት?» አሉ።

ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ይህን ወረቀት ቢያዝን ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። የአቶ ላዮሽ ዘመዶች ከምትኖሪበት ከእሱ ቤት «ውጪ» ብለውሽ እንደሆነ አትደብቂኝ። ለእኔ ለመጻፍ ልብሽ እንቢ ካለ፣ ደህና መሆንሽን ለቢያዝን ንገሪው፤ ከሱ እሰማለሁ። የሽማግሌ ገላ ያጠበ እጅሽ የተባረከ ይሁን። ይቅር በዪኝ።

አባትሽ
ወልደ ዮሐንስ