ፎቶ አንሺው አቶ ኤልሳዕ ጦና እና ከደንብ የወጡት ፎቶዎቻቸው

አቶ ኤልሳዕ ጦና ከአባታቸው ከአቶ ጦና ቶማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታዬ ዳና ጥቅምት 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በኦፋ ወረዳ፣ ከገሱባ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ዝንጅብል አምራች፣ እናታቸው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በዝማሬያቸው የታወቁ ነበሩ። እግዚአብሔር እኚህን ሰው ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ስለሰጠን፣ ዛሬ ከለቅሶአችን ምስጋናችንን እናስቀድማለን።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በገሱባ ተምረው፣ በ1959 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ሶዶ መጥተው አጎታቸው ቤት ተቀመጡና እስከ አሥረኛ ክፍል ቀጠሉ። በሃያ ዓመታቸው፣ ከስልጤ አገር መጥተው በሶዶ ፎቶ ቤት በከፈቱት በአቶ አንዋር ዘንድ ተቀጠሩ። አቶ አንዋር ጥብቅ ሰው ነበሩ። ትከሻ እኩል ይሁን፣ ሁለቱም ጆሮ ይታይ፣ ብርሃን ከኋላ አይምጣ፣ ጥርስ አይታይ፣ ተነሺው ትንፋሹን ይያዝ ይሏቸው ነበር። አቶ ኤልሳዕም ደንቡን ከመምህራቸው አብልጠው ጠበቁት። በ1978 ዓ.ም. መናኸሪያው አካባቢ የራሳቸውን ፎቶ ቤት ሲከፍቱ፣ ፈገግ ያለ ደንበኛ እስኪኮሳተር ድረስ የሚጠብቁ ፎቶ አንሺ ሆነው ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከመምህርት ብሩክታይት ሳሙኤል ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ጸሐዬን፣ ህብረትንና ይስሐቅን አፍርተዋል።

ሥራቸውን የለወጠው ቀን በ1987 ዓ.ም. ነው። የመታወቂያ ፎቶ ለማንሳት ወደ ሃላሌ ወርደው ሳሉ፣ ወይዘሮ ዓመለወርቅ የተባሉ ሴት አረጋዊት እናታቸውን ይዘው መጡ። አቶ ኤልሳዕ እናትየውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው እንደ ደንቡ አነሷቸው። ወዲያው አንዲት ፍየል ከኋላ መጥታ ለጀርባ የተሰቀለውን ነጭ አንሶላ መብላት ጀመረች። አሮጊቷ ዞር ብለው ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አቶ ኤልሳዕ ፍየሏን ሊያባርሩ ሲነሱ ጣታቸው ካሜራውን ተጫነው። ፎቶው ዘመም ብሎ ወጣ፣ የአሮጊቷ አናት ተቆረጠ፣ እጃቸው ደብዝዞ ቀረ። ፊልሙን ሶዶ ላይ ሲያጥቡ ይህን አይተው “ተበላሸ” ብለው ወደ ጎን አደረጉት።

ከስድስት ወር በኋላ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ጥቁር ለብሰው ሶዶ መጡ። እናታቸው አርፈው ነበር። አቶ ኤልሳዕ ትክክለኛውን ፎቶ አሳድገው ሰጧቸው። ሴትየዋ ብዙ አዩት።

“ጋሼ፣ ይህ እናቴ የፈራች ዕለት ነው። ሌላ የለም?” አሏቸው።

“አለ፤ ግን የማይረባ ነው” ብለው እያፈሩ ያንን አጥበው አወጡላቸው።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው በወላይትኛ እናታቸውን እየተጣሩ አለቀሱ፤ በለቅሷቸውም መካከል ሳቁ። አቶ ኤልሳዕ፣ “አናታቸው እኮ ተቆርጧል” ቢሏቸው፣ “የጎደለውን እኔ አውቀዋለሁ” ብለው መለሱላቸው።

አቶ ኤልሳዕ የዚያን ዕለት ቤት ገብተው ምሳ እንዳልበሉ ወይዘሮ ብሩክታይት ያስታውሳሉ። “ሃያ ዓመት ሰው ሳነሳ ኖሬ፣ ያገኘሁት ሳላስበው የተጫንኩትን ብቻ ነው” አሏቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ፎቶ ቤታቸው ለመጣም ለድግስ ለጠራቸውም ሁሉ አንዱን ፎቶ ለመሥሪያ ቤት፣ ሌላውን ለቤት ማንሳት ጀመሩ። የቤቱን የሚያነሱት ሰውየው “አለቀ” ብሎ ትንፋሹን ሲለቅ ነበር። በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ ቀን የበርበሬ ዳጣ አቃጥሎት ዓይኑን የጨፈነ ሙሽራ፣ በሠርጓ ዕለት ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሽ ሙሽሪት፣ በጸሎት መሐል ልጁ ጢሙን የጎተተበት ሽማግሌ ዛሬ በብዙዎቻችን ግድግዳ ላይ አሉ።

ጥፋት አልነበረባቸውም ብለን አንዋሽም። በ1992 ዓ.ም. በገበያ ቅቤ የሚነግዱትን ወይዘሮ ዘይነባን፣ የጎደሉ ጥርሶቻቸው እየታዩ ከልባቸው ሲስቁ አንስተው ፎቶውን ሳያስፈቅዱ በፎቶ ቤታቸው መስኮት ሰቀሉት። ወይዘሮ ዘይነባ ከሰው ሰምተው መጡ። “ጋሽ ኤልሳዕ፣ እኔ የሳቅኩት ለእርስዎ ነው ወይስ ለመንገደኛ ሁሉ?” አሏቸው። አቶ ኤልሳዕ ፎቶውን አውርደው፣ ከባለቤታቸው ጋር ሴትየዋ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ወይዘሮ ዘይነባም ይቅር አሏቸው፤ ፎቶውን ወስደው በራሳቸው ሱቅ ሰቀሉት። ከዚያ ወዲህ አቶ ኤልሳዕ ሳያሳዩና ሳያስፈቅዱ የማንንም ፎቶ ለሌላ ሰው ሰጥተው አያውቁም።

በኋላ ዘመናቸው ካሜራ ለሚማሩ ወጣቶች በነጻ ያስተምሩ ነበር። “ደንቡ የተሠራው ሰውየውን ለማያውቅ ዓይን ነው፤ ስለዚህ አትናቁት። የሚወደው ዓይን ግን የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ደንብ ስታፈርሱ ምን ለማትረፍ እንደሆነ እወቁ፤ የደበዘዘ ሁሉ ሕይወት የለውም፣ እኔ የጣልኩት ካስቀመጥኩት ይበዛል” ይሏቸው ነበር።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ሕመም ዓይናቸውን አደከመው። ልጃቸው ህብረት ካሜራውን እንዲያስቀምጡ ብትለምናቸውም፣ “እኔ አነሳለሁ፤ ማየቱ የእናንተ ነው” ብለው ድምፅ ወደሰሙበት እያዞሩ ማንሳታቸውን ቀጠሉ። አንዳንዱ ፎቶ ባዶ ግድግዳ ነበር። አንዳንዱ ግን የልጅ ልጆቻቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውንና አብረዋቸው የሚጸልዩ ወዳጆቻቸውን፣ የሚያያቸው መኖሩን ሳያውቁ ይዟቸዋል። ሕመማቸውን ያለ ማጉረምረም ተሸክመው፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በሶዶ ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በሰላም አንቀላፉ።

በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለውን ፎቶ ያየ የማተሚያ ቤት ስህተት እንዳይመስለው እንለምናለን። ያነሱት ወይዘሮ ብሩክታይት ናቸው። የአቶ ኤልሳዕ ግማሽ ፊት ከፎቶው ወጥቷል፣ ትከሻቸው ደብዝዟል፣ አንድ እጃቸው ወንበሩን ተደግፏል። ልጃቸው ጸሐዬ አባቱ ክራባት አስረው የተነሱት ፎቶ ይሁን ብሎ ነበር። እናቱ ግን፣ “አባትህ በር ሲንኳኳ እንዲህ ነበር ከወንበሩ የሚነሣው፤ ማን እንደመጣ እንኳ ሳያውቅ” አሉት። እርሱም ተስማማ።

አቶ ኤልሳዕ የአንዲት ሚስት ባል፣ የሦስት ልጆች አባትና የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ለረዷቸው የጤና ባለሙያዎች፣ ለጸለያችሁና ከገሱባ፣ ከሃላሌና ከሌላም ቦታ መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ይህን የጻፍኩት የእህታቸው ልጅ ሩት ነኝ።

እስጢፋኖስን ቆሞ የተቀበለው ጌታ፣ ለመጣ ሁሉ ብድግ ይል የነበረውን ባሪያውን እርሱም ብድግ ብሎ ይቀበልልን። አሜን።