አንድ ጫማ ወደ ኋላ

ሜይ 4
ፍሮግታውን ሰፈራችን፣ የቤታችን ጓሮ። ሃያ ኳስ ወረወርኩ፣ ዘጠኙ አፈር ላሱ... ምን ሆኗል ክንዴ? የምትቀልብልኝ እህቴ ሱንዱስ ሳቀችብኝ። (አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ነው በአማርኛ የምጽፈው።) አባዬ በመስኮት፦ "ፈዋዝ፣ በረኛዋን አሳርፋት!" ቤዝቦል በረኛ የለውም። ሦስት ዓመት ነገርኩት።

የምቆምበትን ሳንቃ ማርች ላይ ለክቶ የቸነከረልኝ እሱ ነው። እስከ መቺው ስልሳ ጫማ ከስድስት ኢንች፣ የፒቸር (የወርዋሪው) ሕግ። ሜትር ሲይዝ ደሴ ጨርቅ ቤቱ የተመለሰ ይመስለዋል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን አውጥቶ... ሞትኩ በሳቅ።

የቡድናችን ሜዳ ገና ጭቃ ነው።

ሜይ 12
ምን?! የሳመር ሊጋችን ሙከራ ሊያደርግ ነው፤ ፒቸሩ አንድ ጫማ ወደ ኋላ። ኮቻችን፦ "መቺዎቹ ኳሷን የሚያዩበት ጊዜ አጡ።" እና እኔ ልሙት? በድሮው ርቀትም ኳሷ አልደረሰችልኝ! ቅዳሜ አንድ ፒቸር ይመርጣል። ቶኩማ ወይ እኔ... ቶኩማ ነዋ።

አባዬ እራት ላይ፦ "አንድ ጫማ ምን አላት? ትንሽ ጠጋ በል።"
አባዬ! የተከለከለው እሱ ነው!

ሜይ 16
ሆዴን አመመኝ ልበል?

ሜይ 17
ምርጫው ዛሬ ነበር፣ በአዲሱ ርቀት።

ቶኩማ ቀደመ። የእሱ ኳስ ሁሌ መቺው ጋ ስትደርስ ነበር የምትጥመለመለው። ዛሬ ቀድማ ተጥመልምላ አፈር ገባች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ስምንቴ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ቆምኩ። ቀና አልኩ... ጓሯችን! ቁርጥ ጓሯችን! ከአሥር ሰባቱ ስትራይክ፣ ልክ ቦታቸው ገቡ። ኮች ሜትር አምጥቶ እንደገና ለካ። "የት ነው የተለማመድከው?" "ጓሯችን" አልኩት። እኔም አልገባኝም።

ተመረጥኩ። እኔ!

ሜይ 18
ጓሮውን ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ስልሳ አንድ ጫማ ተኩል!!

"አባዬ! ሳንቃውን ስትቸነክር ስንት ለካህ?"
"ያልከኝን።"
"አንድ ጫማ ይበልጣል እኮ!"
"ምራቂዋ ናታ።"
"የምን ምራቂ?"
"አሥራ ስድስት ዓመት ጨርቅ ስሸጥ፣ ለክቼ ትንሽ ሳልጨምር የቀደድኩት የለም። ለልጄ ልሰስት?"

ሁለት ወር ሙሉ ክንዴን ስረግም...

ለቶኩማ ደውዬ ነገርኩት፤ ከሰዓት መጣ። አኩርፏል፣ ግን መጣ። "አባትህ ለእኔም ይለኩልኛል?" እነሱ ጓሮ ሄድን። አባዬ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ምላሱን አወጣ። አልሳቅኩም። የሜትሩን ጫፍ ይዤ፣
"አባዬ፣ ምራቂዋን እንዳትረሳ" አልኩት።