አንድ ፊርማ የጎደለው ዝውውር

ሰኞ

አልተመዘገብኩም። ከዳባት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጥቼ፣ ደባርቅ ደርሼ፣ በዚያ ብርድ የአዲሱ ዩኒቨርሲቲዬ ሬጅስትራር ደጃፍ አንደኛ ተሰልፌ፣ አልተመዘገብኩም። አንደኛ መሰለፍ ምን ዋጋ አለው!

ወይዘሮ አበባ የሚባሉት ሠራተኛ ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «የውጤት ማስረጃሽን የድሮ ግቢሽ አልላከም። ክሊራንስ አልጨረሰችም ብለውናል» አሉኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ፈርሟል፣ ዶርሙ ፈርሟል። ካፌው ብቻ አልፈረመም፤ የምግብ ካርዴን አልመለስኩማ። ማስረጃው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልመጣ፣ ምዝገባዬ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

ካርዱ ያለበትን አውቃለሁ። ብርቱካን ኪስ ውስጥ ነው።

ብርቱካን የአዲ አርቃይ ልጅ ናት፤ ሁለት ዓመት አንድ ዶርም ኖረናል። የራሷ ካርድ ጠፍቶባት ምትኩን ስትጠብቅ፣ እኔ ግቢውን የለቀቅሁ ቀን የእኔን አስጨበጥኳት። ተማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ለመውጣት ከመቸኮሌ የተነሣ አንድ ፊርማ ማን ያያል ብዬ ሄድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? ይኸው እየለቀምኩ ነው።

ማክሰኞ

ከአባዬ ሱቅ ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ጎረቤት፣ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ ወደ ትንሹ መዛወሬን ሰምታ ኖሮ፣ «ምነው፣ አባርረዋት ነው እንዴ?» አለችው። እኔ እዚያው ቆሜ! «እኔ ነኝ ያባረርኳቸው» አልኳት። አባዬ ሜትሩን እንደያዘ ሳቁን ዋጠ።

ለራሴ ግን እውነቱን ልጻፍ። የአባዬ ዓይን እየደከመ ነው፤ ጥቁሩን ጨርቅ ከሰማያዊው መለየት አቅቶታል፣ አልቸገረኝም ይላል። እዚያ ትልቁ ግቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከመቶ በላይ ነበርን፤ በሁለት ዓመት አንድም መምህር በስሜ አልጠራኝም። የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ ሆኜ አንድ ቀን አፈር አልነካሁም። እዚህ በሁለተኛው ሳምንት ተማሪዎቹን ስሜን ተራራ፣ ቡይት ራስ ይዘዋቸው ይወጣሉ። ውጤቴ ደግሞ ጥሩ ነው። ጥሩ ነው! ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ የግቢው ትልቅነት ለእኔ ጥምጣም ብቻ ነበር።

ከምሳ በኋላ ለአባዬ ሐሳቤን ነገርኩት፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ካርዱ ጠፋብኝ ብዬ ወረቀት አወጣለሁ፣ በቃ።

«ጠፋ ብለሽ ወላሂ ልትዪ ነው?» አለኝ። «አማና ነው እኮ። ሲጨርሱ የሚመለስ ዕቃ ነው። ሰው ሱቄ ያስቀመጠውን አንስቼ ለሌላ ሰጥቼ አላውቅም፤ ለተራበም ቢሆን ከራሴ ነው የምሰጥ።»

ተናደድኩ። የተናደድኩት ልክ ስለሆነ ነው። ደግሞ ጠፋ ካልኩ ካርዱ ይዘጋል፤ ብርቱካን ካፌው በር ላይ በሰው ፊት ትያዛለች። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ረቡዕ

ደወልኩላት። «ካርዱን መልሽልኝ» ለማለት እንዲህ ይከብዳል? መጀመሪያ ስለ ብርዱ አወራሁ፤ ቀጥዬ ስለ መምህራን። በመጨረሻ አፈረጥኩት።

«አንቺማ ቤትሽ ገብተሻል። እኔ ምን ልብላ?» አለችና ዘጋችው።

አራቴ ደወልኩ፤ አታነሣም። ለብቻዬ ስድብ ስደረድር ዋልኩ። ምስጋና ቢስ አልኳት። አሁን ሳስበው አፈርኩ። ቤተሰቦቿ አርሶ አደር ናቸው፤ ያን ያህል ርቀት በየሳምንቱ ስንቅ አይልኩላትም። የሰጡትን መልሶ መቀማት ከመጀመሪያው ካለመስጠት ይብሳል።

ዓመቴን ግን አልሰጥም። አልሰጥም!

ሐሙስ

ዛሬ ሠራሁ።

ለካፌው ኃላፊ በእጄ ደብዳቤ ጻፍኩ። ካርዱን ለጓደኛዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእሷ እጅ መልሼዋለሁ፣ እሷን አይቅጡብኝ። ሦስቴ ቀድጄ በአራተኛው አማረ። ፎቶ አንስቼ፣ አሳትማ እንድትሰጣቸው ለብርቱካን ላክሁላት።

ቀጥዬ የዶርማችንን ልጆች በቴሌግራም ሰበሰብኳቸው። ስድስት ናቸው። የብርቱካን ምትክ እስኪወጣ ድረስ ከቅዳሜ ጀምሮ በተራ ምግባችሁን አካፍሏት አልኳቸው። ሁሉም አነበቡት፤ ማንም አልመለሰም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ በድምፅ መልእክት ለመንኳቸው። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ዘሀራ፣ «ቅዳሜ የእኔ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ተራው ለመሙላት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ብርቱካን ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾም እነዚያን ቀኖች ለጿሚዎቹ ሰጠኋቸው። እነዚህን ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና አደራችሁ ከማለት በቀር አላወራኋቸውም። እኔስ ብሆን ማንን በስሙ ጠርቼ አውቃለሁ?

ተራውንም ላክሁላት። አየችው። ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

ዓርብ

ከጠዋት ጀምሮ ሬጅስትራሩ ደጃፍ ነኝ። አራት ሰዓት ላይ ጠየቅሁ፤ «አልመጣም ልጄ።» ስድስት ሰዓት፣ አልመጣም። ስምንት ሰዓት ላይ ወይዘሮ አበባ ገና ሲያዩኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። የብርቱካን ስልክ ዝግ ነው። ዓመቱን ሱቅ ውስጥ ሜትር ይዤ ቆሜ ታየኝ። ከዚያች ጎረቤት ጋር!

ዘጠኝ ተኩል ላይ ራሷ ደወለች። «ኃላፊው ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበቡት። እኔንም አንቺንም ተቆጡ፤ ከዚያ ፈረሙ። ወረቀቱን እዚህ ሬጅስትራር ወስጄ፣ ማስረጃሽን እስኪልኩ ቆሜ ነው የወጣሁ።»

«ታዲያ ስልክሽን ለምን ትዘጊያለሽ? ነፍሴ ልትወጣ!»

«ተናድጄ ነበራ!»

አሥር ሰዓት ሲሆን ወይዘሮ አበባ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ መጥቷል፤ ነይ ግቢ እንጂ!» አሉኝ። ተመዘገብኩ። አልሐምዱሊላህ! አባዬ በስልክ ሲመርቀኝ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው «ነፍስ ይማር» አሉ። አላረምኳቸውም፤ ማስረዳቱ ረጅም ነው።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ደወለች። ከዘሀራ ጋር ምሳ በልታለች። ሽሮው ዛሬም ቀጭን ነው አለች።

«ትናንትስ ከማን ጋር በላሽ?» አልኳት።

«ትናንት ተራ አልነበረም እኮ» አለች። «ካርዱን በጠዋት መለስኩ፤ ያንቺ ተራ የሚጀምረው ቅዳሜ ነው።»

ደነገጥኩ። ዓርብን ረስቼዋለሁ። ረቡዕ፣ ጾም፣ ፍስክ፣ ሁሉንም አስቤ ካርዱ የሚመለስበትን ቀን ረስቼዋለሁ። እኔ ደጃፍ ላይ ስልኳን ዘጋች ብዬ ስረግም፣ ልጅቷ በባዶ ሆዷ የእኔን ወረቀት ይዛ ከቢሮ ቢሮ ትዞር ነበር። ይቅርታ አልኳት።

«ተይው፣ አልሞትኩም» አለችኝ። «ግን አንድ ኮርስ ውደቂና፣ የዓርቡን ምሳና ራት ልቀበልሽ ደባርቅ ድረስ እመጣለሁ።»

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያው ክፍል አለኝ፤ አልወድቅም።