ቀልድ ሳይዙ የማይገባበት በር

ይድረስ ለወንድሜ ለዱዌን፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ከረምክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? የአላስካ ብርድ አጥንትህን አልበላውም? እኔ እህትህ ሎሬታ በእግሬ ቆሜያለሁ። አባባ ግን አልቆመም፤ እሱን እነግርሃለሁ።

«ከተማው እንዴት ሆነ? እስኪ አስተዋውቂኝ» ብለህ ጻፍክልኝ። ወይ ጉድ! የተወለድክበትን ደ ሞይንን ላስተዋውቅህ? እሺ፣ ስማ። የምክር ቤቱ ጉልላት ዛሬም ወርቁን ለብሶ ከሰፈራችን በላይ ተጎልቷል፤ ከሥሩ ያለው የእኛ ጣሪያ ያፈሳል። የኢንሹራንስ ሠራተኞቹ ከሕንጻ ሕንጻ በመስታወት ድልድይ ነው የሚያልፉት፣ እግራቸው መሬት አይነካም። ታች አስፋልቱ ላይ የቀረነው እኛና ነፋሱ ነን። ወንዙም ከበቆሎ ማሳው የታጠበውን ማዳበሪያ ተሸክሞ ይመጣል፤ አጣርተነዋል ይሉናል፣ እንጠጣለን። ይኸው ከተማህ!

ደግሞ አታታልለኝ፤ የጠየቅከኝ ስለ ከተማው አይደለም። «በሩ ይከፈትልኛል ወይ?» ነው። በጎማ ፋብሪካው አድማ ጊዜ አባባ ውጭ ቆሞ አንተ ሥራ ገባህ። እሱም «አድማ ሰባሪ ልጅ የለኝም» ብሎ ዘጋብህ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ተኮራርፋችሁ እኔን መሀል ላይ ገተራችሁኝ።

አሁን አባባን ነቀርሳ ይዞታል። ሐኪሞቹ ጨጓራውን ሙሉውን ቆርጠው አወጡት፤ በሽታው ግን ቀድሟቸዋል። ለዚህ ወር መጨረሻ፣ ለምስጋና በዓል እንኳ አይደርስም ብለውኛል።

ባለፈው ረቡዕ ልጆቹ ጭንብል አጥልቀው በየበሩ ከረሜላ የሚለምኑበት ቀን ነበር። «ወንበሬን በሩ ጋ አድርጊልኝ» አለኝ። ታውቀዋለህ፣ ቀልድ ያልተናገረ ልጅ ከእሱ እጅ ከረሜላ አይቀምስም። ገና ሳይመሽ የጎረቤታችን ልጅ ጠንቋይ መስላ መጣችና «አጽም ለምንድነው ቂም የማይዘው?» አለችው። ዱዌን፣ ያንተ ቀልድ! ስንት ዓመት በየበሩ ያዞርካት!

አባባ መልሱን ከአፏ ቀማት፤ «ሆድ የለውማ!» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት። ከዚያ ስፌቱን በሸሚዙ ላይ ዳሰሰና «የእኔም ወጥቷል እኮ» አላት። ልጅቷ ደንግጣ ከረሜላውን ሳትወስድ ሮጠች። እሱ ግን ከወንበሩ አልነሳም አለ። «ሎሬታ፣ ያ ወንድምሽ ዘንድሮም ቀረ?» አለኝ። ከሄድክ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አንስቶህ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ና። የይቅርታ ንግግር ምናምን እያልክ አትድከም፤ ያቺን ቀልድ ብቻ ያዝ። እሱ ቂም የሚይዝበት ሆድ የለውም። ያንተ ሆድ ቂሙን ካልለቀቀ ግን ለቀብሩ እንዳትመጣ፤ ያን ጊዜ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ።

ባለቤትህን ማርላን ሰላም በልልኝ፣ ስለ ሹራቡ አመሰግናታለሁ። አማትህንም እጅ ንሣልኝ። ትንሿን ብሪንን ጉንጯን ሳምልኝና አያት እንዳላት ንገራት። ወንበሩ አሁንም በሩ ጋ ነው።

እህትህ ሎሬታ
ደ ሞይን፣ ምሥራቅ ሰፈር
ኖቬምበር 2 ቀን 2019