ክታብና ክትባት

ለእኔዋ ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ሊገባ ደመናው እየተሰበሰበ ነው። ሲቆይ ይለመዳል ብለውኝ ነበር። እኔ አልለመድሁትም። አሁንም ጥሩ ወሬ ስሰማ ማታ ለአንቺ የምነግርሽ እየመሰለኝ በልቤ አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ግን የተጠራቀመውን ልጻፍልሽ።

ቤታችን ደኅና ነው። ስፌት ቤቱም እዚያው ቆሰበር ገበያው ዳር አለ። ልጃችን ሰላም ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ሲሰጥ፣ ከክፍሏ ቀድማ እጅጌዋን የሰበሰበች እሷ ናት አሉ። በማን እንደ ወጣች አትጠይቂኝ፤ እኔ የሐኪም መርፌ ሳይ ፊቴን እንደማዞር ታውቂያለሽ።

ሬዲዮ ስለ ኮሮና ሲያወራ ደግሞ የስፌት መኪናዬን አቁሜ እሰማለሁ። አንቺ ብትኖሪ ታስቆሚኝ ነበርና። ቫይረሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ መልኩን እየለወጠ ይኖራል። ተመራማሪዎቹም እሱን እየተከተሉ ክትባቱን ያድሱታል፤ እኔ ልጅ ባደገ ቁጥር ልብሱን እንደማሰፋው መሆኑ ነው። በአፍንጫ የሚነፋ ክትባት የሚሞክሩም አሉ፤ እሱስ ለእኔ ቢጤ ፈሪ ነበር። የዓለም አገሮችም ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ክትባቱን እንዴት እንደሚካፈሉ ለዓመታት ተከራክረው አንድ ስምምነት ላይ ደርሰዋል። ይህን ስሰማ፣ ያ ሁሉ ሊቅ የደከመበት ነገር መጨረሻው ያንቺ ትከሻ ላይ እንደነበር አሰብሁ። የጤና ባለሙያ ሆነሽ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን አንግተሽ፣ ከአስፋልቱ ወርደሽ ወደ ዘንገና መንደር በእግርሽ ስትሄጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እየዞርሁ የቆየሁት አፍሬ ነው።

የዘንገናዋን እማማ ትርንጎን ታስታውሻቸዋለሽ። ክትባቱ መጥቷል ስትያቸው ክታብ ሰምተው፣ የንስሐ አባቴ ከአንገቴ ያስፈቱኝን መንግሥት ቢሰጠኝም አላስርም ብለው በራቸውን የዘጉብሽ። እሳቸው የሚያውቁት አውኚ ነው፤ አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው። ማታ ስትነግሪኝ እኔ ከወንበሬ ልወድቅ ደረስሁ። አንቺ አልሳቅሽም። እሳቸው አልተሳሳቱም፣ ክታብም ክትባትም ከአንድ ከተበ የወጡ ናቸው፣ ጥፋቱ ቃሉን ሳላስረዳ የወረወርሁት የእኔ ነው አልሽ። በማግስቱ ተመልሰሽ ክትባት የሚለውን ቃል ጥለሽ፣ በእናትሽ ቋንቋ በአውኚ ነገሩን ከሥሩ አስረዳሻቸው። እንዲህ ያለ አስተዋይነት ያለው ሰው ቤቴ ውስጥ እንደሚኖር ያን ጊዜ አላስተዋልሁም።

እኔስ ምን አደረግሁ? በገበያ ቀን ስፌት ቤቱ በደንበኛ ሲሞላ፣ የባልቴቷን የክታብ ነገር ድምፃቸውን እያስመሰልሁ አወራሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ጨዋታ አዋቂ ተባልሁ። ወሬ እግር እንዳለው ረሳሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ገና በዚህ ወር ነው፤ ያውም ከራሳቸው ከእማማ ትርንጎ። ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጥተው ግድግዳው ላይ ፎቶሽን አዩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙና በዚያች በተሰባበረች አማርኛቸው ነገሩኝ። ወሬው መንደራቸው ደርሶ ሰው ሁሉ መሳቂያ ሆነናል ብሎ በሩን ዘጋብሽ። አንቺም በጭቃው ሄደሽ፣ ድንጋይ አንገትሽ ላይ ተሸክመሽ ደጃፋቸው ተንበረከክሽ። ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ አልሽ።

ጥሩዬ፣ ያወራሁት እኔ ነበርሁ። አንቺ ለእኔ እንኳ ትንፍሽ አላልሽም። ያን ቀን ጭቃ ለብሰሽ ስትገቢ አዳልጦኝ ነው ብለሽኝ፣ እኔም መንገድ መሄድ አታውቂም ብዬ ቀልጄብሽ ነበር።

እማማ ትርንጎ ሲነግሩኝ እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ቀሚሳቸውን አሳጥሬ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ስፌቱን ትቼ አሰብሁ። አንቺ በመንደሩ ዘንድ የሰው ምሥጢር ያወጣች ሴት ሆነሽ ልትቀሪ ነው፤ አንቺ አፈር ውስጥ ሆነሽ፣ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ እየሰፋሁ። ይህን አልቻልሁትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በባጃጅ እስከ መገንጠያው ሄጄ የቀረውን ወደ እማማ ትርንጎ ቤት በእግሬ ወረድሁ። ከደጃፋቸው በታች አንድ ድንጋይ አንሥቼ ተሸከምሁ። ሰው ተሰበሰበ። ያን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ አልዋለችበትም አልሁ። አንድ ጎረቤታቸው ወደ አውኚ መለሰላቸው። እማማ ትርንጎ ድንጋዩን ከአንገቴ በገዛ እጃቸው አወረዱና የተናገሩትን ጎረቤቱ እንዲህ ብሎ ፈታልኝ፦ «ያን ጊዜም እናውቅ ነበር። ወሬውን ከስፌት ቤትህ ያመጣው የራሴ ወንድም ነው። አንተን ለመሸፈን ስትዋሽ እያየናት ዝም አልን። የባሏን ነውር በአንገቷ የምትሸከም ሴት ለእኛ ክፉ ነገር በመርፌ አታመጣም ብለን ነው ክንዳችንን የሰጠናት።»

እዚያው ተቀምጬ አለቀስሁ። ያን መንደር ያስከተበው ቃሉን ፈተሽ ማስረዳትሽ ነው ብዬ ስኮራብሽ ኖሬ ነበር። ለካ የታመንሽው በእኔ ጥፋት በኩል ኖሯል።

በአንቺ ቦታ የመጣችው አዲሷ የጤና ባለሙያ ወሬውን ሰምታ፣ ክትባት በሚሰጥበት ቀን መጥተህ ንገርልን ብላኛለች። እሄዳለሁ። እስካለሁ ድረስ በተጠራሁበት ሁሉ አንቺን አነሣለሁ፤ ልጃችን ሰላምም ታሪክሽን እንድትነግር አስተምራታለሁ። ጨዋታ አሁንም እወዳለሁ፣ ሰውም መሳቁ አይቀርም። ከእንግዲህ ግን የሚሳቅበት እኔ ነኝ።

ባልሽ