አባዬ ሴጎቪያ ሊሄድ ነው

እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ዛሬ የምጽፍልሽ አባዬ ስፔን ውስጥ ሴጎቪያ የምትባል ጥንታዊ ከተማ ሊሄድ መሆኑን ልነግርሽ ነው። እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ግን እኔም ገና አላመንኩም።

ከመነሻው ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አባዬ ኦስሎ፣ ላምበርትሴተር ሰፈር ካለው ቤታችሁ መውጣት ተወ። ከታች ፎቅ ያለው ጎረቤታችሁ ጋሽ ኢድሪስ እንደ ድሮው ወክ እናድርግ ብሎ በር ሲያንኳኳ፣ በሩን ሳይከፍት "ዛሬ ደክሞኛል" ይለዋል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በትልልቅ በዓላት ብቻ ነው፤ ያውም እኔ መኪና ይዤ ከመጣሁ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ምንም ሕመም የለበትም አሉኝ። ሕመም ቢገኝበት ይሻለኝ ነበር፤ መድኃኒት ይሰጡት ነበር። ሲያለቅስም አይቼው አላውቅም። በቀብርሽ ቀን እንኳ እንግዶቹን ሲያስተናግድ ነው የዋለው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ መስከረም መጨረሻ ለዕረፍት ሞቃት አገር ልውሰድህ አልኩት። "ናይ" አለኝ። እምቢ ሲል ኖርዌጂያንኛ እንደሚቀናው ታውቂያለሽ።

"ባሕር ዳር ተጋድሜ ምን ልሠራ?"

እውነቱን ነው። ግራን ካናሪያ የሄድን ጊዜ ትዝ አለኝ። የክፍላችን ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል ብሎ በምግብ ቢላዋ ሲፈታው፣ ውሃው እስከ አልጋው ሥር ሄደ። አንቺ አልጋው ላይ እግርሽን ሰብስበሽ፣ "ኃይሉ፣ ዕረፍት ላይ ነን እኮ!" እያልሽ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። እሱ ግን አልሳቀም። ሠርቶት ነው የወጣው። የቀረውን ሳምንት ባሕሩን ትቶ የሆቴሉን ጥገና ሠራተኛ ሲከተል ከረመ።

ያን ሳስብ፣ ይህን ሰው ከሶፋው የሚያስነሳው ባሕር ሳይሆን ቧንቧ ነው አልኩ። ፈልጌ ፈልጌ ሴጎቪያን አገኘሁ። ከተማዋ መሐል ሮማውያን ከተራራ ውሃ ያመጡበት ረጅም የድንጋይ ድልድይ አለ። ፎቶውን በስልኬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ቆይቶ አየው።

"ሲሚንቶ የለውም?"

"የለውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው።"

ስልኩን መለሰልኝና "ናይ" አለ። በቃ፣ ተስፋ ቆረጥኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢየርቪካ ባለው መሥሪያ ቤቴ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ሰው ተሰልፎብኝ ሳለ አባዬ ስልክ ደወለ። እሱ በሥራ ሰዓት ስለማይደውል ደነገጥኩ።

"ስሎፑ ስንት ነው?" አለኝ።

"የምኑ?"

"የውሃው መውረጃ ተዳፋት ነዋ! ያን ያህል መንገድ ዝም ብሎ አይወርድም።"

ፊቴ የቆሙትን ሰዎች ረስቼ ሳቅኩ። ማታ እነግርሃለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። ጋሽ ኢድሪስን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አገኘሁት። ለካ አባዬ ራሱ ታች ወርዶ፣ በሩን አንኳኩቶ ነው ያመጣው። "እሱ ካልሄደ አልሄድም" አለኝ። ጋሽ ኢድሪስ አላንገራገረም፤ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። ስለ ከተማዋ ሲያነብ ስሟ የሚነሳበት ምግብ ጥብስ የአሳማ ግልገል ሆኖ አገኘው።

"አንቺ ልጅ፣ ለእኔም ለአባትሽም የማይሆን አገር መርጠሽ!" አለኝ።

አባዬ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ቆጥሮ ጨመረበት። ስለዚህ ሆቴሉን ትተን ትንሽ ወጥ ቤት ያለው መኖሪያ ተከራየን። ምስርና በርበሬ ይዘን እንሄዳለን። እስከ ማድሪድ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በፈጣን ባቡር ነው። ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ስለሚል ወደ ድልድዩ የሚያደርስ አውቶቡስ እንይዛለን። የከተማዋን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ከውጭ እናየዋለን፤ ማማው ላይ መውጣቱን ለጉልበታቸው ስል ሰረዝኩት። ሁለቱም ተቆጡ፤ እኔ ግን አልመለስኩትም።

የአውሮፕላኑን መቀመጫ ስመርጥ አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። "የእናትሽን በመስኮት በኩል አድርጊው" አለ።

እጄ ስልኩ ላይ ቀረ። ምን እንዳለ ለራሱ የገባው ቆይቶ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ አለቀሰ፤ ድምፁን አውጥቶ። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ጋሽ ኢድሪስ ግን ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፤ አላባበለውም። ወንበሩን አስጠግቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሲበቃው ጊዜ ትከሻውን ያዝ አድርጎ፣

"ኃይሉ፣ በመስኮቱ በኩል አንተ ተቀመጥ። ያየኸውን ትነግራታለህ" አለው።

አባዬ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም እንደዚያው መረጥኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ጠዋት ጠዋት ዳገት ሲወጡ ይታያሉ፤ ለሴጎቪያ መለማመዳቸው ነው። አባዬ ስለ ሮማውያን የውሃ ሥራ ያላየው ቪዲዮ የለም። አንዳንዴ ያን ሁሉ ሲያስረዳኝ ቆይቶ ድንገት ዝም ይላል። እንዳሰበሽ ይገባኛል፤ አልጠይቀውም።

የምንመለስበትን ቀን የወሰነው እሱ ነው። ሙት ዓመትሽ ሳይደርስ ኦስሎ መግባት አለብን አለ። ስለዚህ ስለ ከተማዋ እኔ አልጽፍልሽም፤ በዕለቱ መቃብርሽ ድረስ መጥቶ ራሱ ይነግርሻል። የድንጋዩን፣ የውሃውን፣ የስሎፑን ነገር ሳይተው ያወራል፤ ብርዱንም አያስብም። ታገሺው እማዬ። እኔ አጠገቡ እቆማለሁ፤ የረሳውን አስታውሰዋለሁ።

ልጅሽ